ኩበት፣ ጀሪካንና ኒኬል፦ «ለወሎ የማይበጅ ምርምር» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ለወሎ የማይበጅ ምርምር» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከሥሩ «ቲቸር፣ ሰውዬው እውነታቸውን አይደል እንዴ?» ብሎ ጽፎበታል። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀመርኩ፤ አልበቃ አለኝ።

ነገሩን ላልሰማ፦ ውጭ አገር በአንድ ቤተ ሙከራ የምትሠራ የወሎ ልጅ ዘመድ ጥየቃ መጥታ ሳለ ደሴ ላይ ለተማሪዎች ስለ ሥራዋ ገለጻ አደረገች። የምታጠናው ኤሌክትሮካታሊስት ነው። ውሃ በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ሲለያይ ሥራውን የሚያቀሉ፣ በተለይም ከኒኬልና ከብረት የሚሠሩ ቁሶችን ትመረምራለች። ጸሐፊው ገለጻውን አዳምጠው ቅር ተሰኙ፤ ቅሬታቸውንም ጻፉት። ውሃን መለያየት ከሚሰጠው የሚበላው ኃይል ይበልጣል፤ ፕላቲነም ይፈልጋል፤ የጠማውን ሕዝብ ውሃ ይሻማል፤ ለማዳበሪያ ከሆነ የሶማሌ ክልል ጋዝ አለን፤ ሃይድሮጂን ፈንጂ ነው፤ የወሎ ልጅ ወሎን መርዳት ከፈለገች ጭስ የሌለው ምድጃ ትሥራልን ይላሉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለእናቶቻችን ያላቸው መቆርቆር ግን ከየመስመሩ ይነበባል፤ ስለዚህ አከብራቸዋለሁ። የምጽፈውም መቆርቆራቸውን ስለምጋራ ነው። ያደግሁት ለጋምቦ ደጋ ላይ፣ ኩበት ጭስ ውስጥ ነው። ደሴ ላይ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህ ምርምር ከዚያ የኩበት ክምር ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ማስረዳት ካልቻልኩ ያስተማርኩት ሁሉ ምን እንደነበር አላውቅም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው «ከሚወጣው የሚገባው ይበልጣል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» የሚል ነው። የሚገባው መብለጡ ልክ ነው። ሁልጊዜም ይበልጣል፤ ይህን የሚክድ ኬሚስት የለም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት ቢበዛ 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ዛሬ ያሉት ማሽኖች ያንን አንድ ኪሎ ለማውጣት 50 እና ከዚያ በላይ ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። ታዲያ ለምን ይሠራል?

ከሰልን እንውሰድ። እንጨት በባህላዊው መንገድ ከሰል ሲደረግ በውስጡ ካለው ሙቀት ከግማሽ በላዩ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ሆኖም ኮምቦልቻ ላይ ከሰል የማይገዛ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከሰል ይጫናል፣ ይቀመጣል፣ ሳሎን ውስጥ ቡና ያፈላል፤ እርጥቡ እንጨት ይህን አያደርግም። ሰው ኪሳራውን እያወቀ የሚቀበለው በምትኩ የሚያገኘው ነገር ስላለ ነው። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ሽቦ ላይ ካለ ምጣድ ያግላል፣ ወፍጮ ያዞራል፤ ማዳበሪያ ሊሆን ግን አይችልም፣ ከክረምት እስከ በጋም በከረጢት አይቀመጥም። ሃይድሮጂን ሲሆን ይችላል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሌሊት ሁላችንም መብራት አጥፍተን ስንተኛ ያ አቅም ምን ይሥራ የሚለው ጥያቄ ቅንጦት አይደለም።

የካታሊስት ሥራ የሚገባውም እዚህ ኪሳራ ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን ስላለፉት ትንሽ ልቆይበት። ውሃን ለመለያየት ተፈጥሮ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ቮልቴጅ 1.23 ነው። በተግባር ግን ማሽኖቹ ከ1.8 እስከ 2 ቮልት ይፈልጋሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና አስቡ። ደሴ ከኮምቦልቻ በከፍታ ስለምትበልጥ ያን ያህል መውጣቱ የግድ ነው፤ ማንም መሐንዲስ አያስቀርለትም። መንገዱ ግን መጀመሪያ ከደሴ የሚበልጥ ተራራ ጫፍ አውጥቶ እንደገና ወደ ደሴ የሚያወርድ ቢሆን፣ ለዚያ ትርፍ ዳገት የሚቃጠለው ናፍጣ ከንቱ ነው። በሐረጎ ላይ መንገድ የቀየሱ ሰዎች ተራራውን እየታከኩ መዞራቸው ለዚህ ነው። ካታሊስትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ደሴን ዝቅ አያደርጋትም፣ ትርፉን ዳገት ግን ይቀንሳል። በ1.23 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት ያ ትርፍ ዳገት ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ለማውጣት ለእያንዳንዱ ቮልት 26.6 ኪሎዋት ሰዓት ይከፈላል። ተመራማሪዋ 0.2 ቮልት ብታስቀር ከያንዳንዱ ኪሎ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ተረፈ ማለት ነው። «በሚሊቮልት ትጨቃጨቃለች» ብለው ጸሐፊው የነቀፉት ጭቅጭቅ ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ፕላቲነም ነው። «ለጣት ቀለበት ያልደረሰን ብረት ለማሽን ሊገዙልን ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ የተመራማሪዋን ሥራ ገልብጠው ነው ያነበቡት። አሲድ ቀመስ የሆኑት የኤሌክትሮላይዘር (ውሃ የሚለያየው ማሽን) ዓይነቶች በአንድ በኩል ፕላቲነም፣ በሌላው በኩል ኢሪዲየም ይፈልጋሉ፤ ይህ እውነት ነው። ኢሪዲየም ደግሞ በዓለም ሁሉ በዓመት ከ10 ቶን በታች የሚመረት ብርቅ ነገር ነው። እሷ ኒኬልና ብረት የምትመረምረው ግን ያንን ለማስቀረት ነው። በአልካሊ፣ ማለትም በፖታሽ ወይም በኮስቲክ ሶዳ ውሃ የሚሠሩት ማሽኖች ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ኒኬልና ብረት ሲጠቀሙ ኖረዋል። የቀረው ጥያቄ ርካሹን ብረት ከውዱ እኩል ማሠራት ነው።

የኒኬልና የብረት ታሪክ ደግሞ ልብ የሚነካ ነው፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ እንድደግምላቸው ይጠይቁኛል። ለረጅም ጊዜ ኒኬል በአልካሊ ውስጥ ኦክስጅን ለማውጣት ጎበዝ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ አንድ ነገር አሳየ። በፈሳሹ ውስጥ ሳይታወቅ የገባ፣ እዚህ ግባ የማይባል የብረት ርዝራዥ የኒኬሉን ጠባይ ፈጽሞ ይለውጠዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የእነ ሻነን ቦቸር ቡድን ፈሳሹን ከብረት እንጥፍጣፊ እስኪነጻ አጥርቶ ሞከረው። ንጹሑ ኒኬል ደካማ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ዓመት የተመሰገነው ኒኬል ብቻውን አልነበረም፤ ሥራው ከውስጡ የተደበቀውን ብረት ይጠይቅ ኖሯል። ቆሻሻ ተብሎ ይጣል የነበረው ነገር ዋናው ሠራተኛ ሆኖ ወጣ። ይህን ያወቁት አዲስ ማሽን ስለሠሩ አይደለም፤ ፈሳሽ ስላጠሩና በትዕግሥት ስለለኩ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለድሃ አገር አይሆንም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም። ብረት የትም አለ።

ይህ መንገድ ደግሞ ተሞክሮ የሠራ ነው። ፍሪትዝ ሀበር በ1909 እ.ኤ.አ. ናይትሮጂንንና ሃይድሮጂንን አዋህዶ አሞኒያ ሲያወጣ የተጠቀመው ኦስሚየም የተባለ ብርቅ ብረት ነበር። በዚያ ብረት ዓለምን ማብላት እንደማይቻል ግልጽ ነበር። አልዊን ሚታሽና ባልደረቦቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ድብልቆችን አንድ በአንድ እየሞከሩ ሄዱ። አሸናፊ ሆኖ የተገኘው ከስዊድን የመጣ ተራ የብረት ማዕድን ነው፤ እሱም ቢሆን ንጹሕ ሳይሆን አሉሚናና ፖታሽ የተቀላቀለበት። ፋብሪካው ኦፓው በተባለች የጀርመን ከተማ በ1913 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ዛሬ ገበሬያችን ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የዚያ አሰልቺ ሙከራ ልጅ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ጸሐፊ ተነሥቶ «ኦስሚየም የት ይገኛል፣ ይቅር» ብሎ ቢያሳምናቸው ኖሮ የት እንደምንሆን ማሰብ ያስፈራል።

ክፍሌ ውስጥ የምናደርገውን ላሳያችሁ። ከሞተ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን ጥቁር የካርቦን ዘንግ ሁለት እንወስዳለን። ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች የሚገዙት ኮስቲክ ሶዳ በውሃ ይሟሟል፤ ጓንትና መነጽር ያላደረገ አይጠጋም። ሁለት አዲስ የባትሪ ድንጋይ፣ 3 ቮልት። መርፌ የሌለው ስሪንጅ በፈሳሹ ተሞልቶ በኔጋቲቩ ዘንግ ላይ ይደፋል። 10 ሚሊሊትር ሃይድሮጂን እስኪጠራቀም ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሰዓት ይይዛሉ፤ 14 ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ ካርቦኖቹን አውጥተን ከገበያ የገዛነውን የሻይ ማጥለያ ወንፊት ቆራርጠን ተካንበት። ማግኔት የማይስበው ወንፊት መሆን አለበት፤ ማግኔት ካልሳበው ብዙውን ጊዜ ከብረትና ከክሮም በተጨማሪ ኒኬል አለበት ማለት ነው። ያው ባትሪ፣ ያው ፈሳሽ። ወንፊቱ ገና እንደተነከረ ከጀርባው ወተት የመሰለ የአረፋ መጋረጃ ተነሣ። 5 ደቂቃ አልሞላም፣ ስሪንጁ ሞላ። ከኋላ ወንበር የነበረች አንዲት ልጅ ተነሥታ ቀረበችና «ከየት አመጣው?» አለች። ከየትም አላመጣውም፤ ኃይሉ ያው ነው፣ መንገዱ ቀለለ። (ይህን በቤቱ ልሞክር ለሚል፦ በገበታ ጨው ፈጽሞ አይሞከርም፣ መርዛማ ክሎሪን ይወጣል። ከማጥለያው ሙከራ የተረፈው ፈሳሽም ክሮም ሊኖርበት ስለሚችል ጓሮ አይደፋም።)

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ያመመኝ ነው፤ «ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት የምትሄድን እናት ውሃ ልንሰነጥቅ ነው አትበሏት» ይላሉ። የውሃ ችግር ያለበት አገር ልጅ ነኝ፣ አባባሉ እውነት የሚመስለው ለዚህ ነው። ስሌቱን ግን አብረን እንሥራው።

አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን 9 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። ያንን ናይትሮጂን አሞኒያ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሃይድሮጂን 5 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት የሚበቃው ውሃ 45 ሊትር ነው፤ ሁለት ቢጫ ጀሪካንና አንድ አምስት ሊትር። ማጣሪያና ማቀዝቀዣ ይህን ቢያጥፈው፣ እንዲያውም ደጋግሞ ቢያጥፈው፣ አሁንም በጀሪካን የሚቆጠር ነው። አንድ ጥማድ መሬት ላይ አንድ ጊዜ የሚወርድ ዝናብ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ያች እናት ሁለት ሰዓት የምትሄደው ቧንቧ ስላልተዘረጋላት፣ ፓምፕ ስለተበላሸባት፣ ምንጩ ስላልጎለበተላት ነው። ሃይድሮጂን ከእንስራዋ አንድ ጠብታ አልወሰደም።

አሁን ደግሞ ወደ ኩበቱ ልመለስ። የወሎ ደጋ ዛፍ ያጣ ደጋ ነው። ጉጉፍቱ ላይ ጠዋት ውርጭ መሬቱን ነጭ ሲያለብሰው፣ እንጨት የሌለው ቤት የሚሞቀውም የሚያበስለውም በኩበት ነው። እናቴ እበቱን ከገለባ ጋር በእጇ እየለወሰች የቤቱ ግድግዳ ላይ ትለጥፈው ነበር፤ የአምስት ጣቷ ምልክት በያንዳንዱ ላይ ይታይ ነበር። ሲደርቅ ተነቅሎ እንደ ግንብ ይከመራል። አባቴ በበልግ መግቢያ ከክምሩ አጠገብ ቆሞ «ይሄ ገብሱ ላይ ቢወድቅ ኖሮ» ሲል እሰማው ነበር። እሷ አትመልስለትም፤ ምን ትመልስ? ማታ እሳት ያስፈልጋል። ኩበት ሲነድ ፖታሽና ፎስፈረሱ አመድ ውስጥ ይቀራል፤ ናይትሮጂኑ ግን በጭሱ ይሄዳል። እናቴ ያነደደችው የዓመት ዓመት የገብስ ማሳችን ናይትሮጂን ነው። መሬቱ እየከሳ ሲሄድ ከረጢት ዩሪያ መጣ፤ ከረጢቱ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ፣ በዶላር የሚገዛ፣ ሲዘገይ የዘር ወቅት የሚያልፍበት ነው።

ያ ከረጢት የሃይድሮጂን ነገር ነው። በዓለም ላይ ያለው የናይትሮጂን ማዳበሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሃይድሮጂን ከአየር ናይትሮጂን ጋር ተዋሕዶ የሚወጣ ነው። ለአንድ ከረጢት የሚበቃውን 5 ኪሎ ሃይድሮጂን ከውሃ ለማውጣት 250 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያስፈልጋል። ከላይ ያልኩት 0.2 ቮልት ከተቆጠበ ከያንዳንዱ ከረጢት ላይ 26 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል፤ ወደ 4 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ከ6 ሰዓት በላይ የሚሠራበት ኃይል። ጸሐፊው «ለምጣዷ እንጂ ለሃይድሮጂኗ ግድ የለኝም» ብለዋል። የሚሊቮልቱ ቁጠባ ግን ለምጣዱ የሚተርፍ ኃይል ነው። ምጣድ የገባበት ቤት ደግሞ ኩበቱን ለማሳው ይመልሳል። እነዚህን ጸሐፊው አንዱን ከሌላው አጣልተው አቀረቧቸው፤ እኔ ግን ባደግሁበት ቤት አንድ ነገር ነበሩ።

በአራተኛ ደረጃ ስለ ጋዙ ያነሡት ነገር ጠንካራ ነው። ነሐሴ 2017 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርመዋል፤ ግብዓቱ የሶማሌ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ይሳካ፣ እኔም እጠብቀዋለሁ። ነገር ግን «ጋዝ ካለ ካታሊስት ምን ያደርጋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ኬሚስት ፊት ባይነገር ይሻላል። ጋዙ ሃይድሮጂን የሚሆነው በኒኬል ካታሊስት ላይ ነው። ሃይድሮጂኑ አሞኒያ የሚሆነው በብረት ካታሊስት ላይ ነው። ካታሊስት የሚያውቅ ሰው ከሌለን ፋብሪካው የእኛ ሆኖ እውቀቱ የሰው ይሆናል፤ ካታሊስቱ በሰልፈር ተመርዞ ምርቱ ሲወርድም ስልክ የምንደውለው ባሕር ማዶ ነው። ጋዝም ያልቃል፣ ግድቡ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላል።

ከውሃና ከኤሌክትሪክ ማዳበሪያ መሥራት ደግሞ የሰማይ ላም አይደለም። እዚሁ ዓባይ ወንዝ ላይ፣ አስዋን፣ ኪማ የተባለው ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአስዋን በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ውሃ እየለያየ ማዳበሪያ ሲያመርት ኖሯል። ዚምባብዌም ክዌክዌ ከተማ ላይ ለአሥርት ዓመታት እንዲሁ አድርጋለች። ሁለቱም በኋላ ይህን መንገድ ትተዋል፤ ኪማ ወደ ጋዝ ዞረ፣ የዚምባብዌው ደግሞ መብራቱ እጥረት ገጥሞት ዋጋውም ስለከበደ ተዘጋ። ይህን የማልደብቀው ጸሐፊው ሊያነሡት ስለሚችሉ ብቻ አይደለም። የተመራማሪዋን ሥራ ዋጋ ከምንም በላይ የሚያሳየው ይኸው ስለሆነ ነው፤ እነዚህን ፋብሪካዎች የጣላቸው የበሉት መብራት ነው፣ እሷ የምትታገለውም ከዚያ ጋር ነው። አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ ዩሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚፈልግ ከውሃ የተገኘ አሞኒያ ብቻውን ዩሪያ አይሆንም። ወይ ካርቦኑን ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ መያዝ፣ ወይ እንደ አስዋን ናይትሬት ማምረት ያስፈልጋል።

ሃይድሮጂን ፈንጂ ነው ለሚለው ብዙ አልልም። ይቀጣጠላል፤ ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲደባለቅ እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከባድ ነው። ነገር ግን ወሎ ውስጥ ማንም ሰው ሃይድሮጂን ወጥ ቤቱ ያስገባ አላለም። ፋብሪካ ውስጥ ተመርቶ እዚያው አሞኒያ ይሆናል። ቡታጋዝ የገባበት ቤት ሁሉ ደግሞ ስለሚቀጣጠል ጋዝ አያያዝ ያውቃል።

የቀረው ስድስተኛው ነው። «የወሎ ልጅ ከሆነች ምድጃ ትሥራልን።» እዚህ ላይ ከፊሉን እቀበላለሁ። የእናቴ ዓይን ከጭስ ብዛት ዛሬ ደህና አያይም፤ ስለ ምድጃ የሚናገርን ሰው ዝም በል አልልም። ጭስን የሚያስቀር ምድጃና ምጣድ የዛሬ ጉዳይ ነው፣ ካታሊስት ግን ለዛሬ ማታ እራት አይደርስም። በዚህ መስክ የሚታተመው ሁሉ ወርቅ ነው አልልም። ብዙዎቹ አዳዲስ ካታሊስቶች የሚፈተኑት ለሰዓታት ወይም ለቀናት ነው፤ ፋብሪካ የሚፈልገው አሥር ሺዎች ሰዓታት ሳይደክም የሚሠራ ነው። «ወረቀት ብቻ ነው» ያሉት ከዚህ አንጻር ቢነበብ መሠረት አለው፤ ተመራማሪዋም በገለጻዋ ይህንኑ አንስታ ነበር፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን አልገባም።

የማልቀበለው ትእዛዙን ነው። ምድጃ የሚሠሩ እጆች ወሎ ውስጥ ሞልተዋል፤ ኮምቦልቻ ያሉት በያጆች ንድፍና ብድር ቢያገኙ በአንድ ወር ገበያውን ይሞሉታል። የጎደለን ምድጃ የሚሠራ ዶክተር አይደለም። የኒኬል ገጽ ላይ ብረት የት ቦታ ቆሞ እንደሚሠራ የሚያይ ሰው ግን ስንት አለን? አንዲት ልጅ ከዚህ ተነሥታ እዚያ ስትደርስ «ተመለሺና ጭቃ ርገጪ» ብንላት፣ ገለጻውን ሲያዳምጡ የነበሩት ተማሪዎች የሚሰሙት ምንድን ነው? ከነሱ መካከል የማጥለያው ነገር ያስደነቃት ልጅ ነበረች። በማግስቱ ሦስት ዓይነት ማጥለያ ይዛ መጣች፤ አንዱ ማግኔት ይስበዋል፣ ሁለቱ አይስባቸውም። የሚስበው ሲነከር ሃይድሮጂኑ በዝግታ ወጣ። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ «ኒኬል የለበትም መሰለኝ።» በዚያ ደብተር ላይ የተጻፈው «መሰለኝ» ተመራማሪዋ በቤተ ሙከራዋ በየቀኑ የምትጽፈው ያው ቃል ነው። ልዩነቱ መለኪያው ላይ ነው፤ የእሷ ሚሊቮልት ያነባል፣ የእኛ ስሪንጅ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ለተመራማሪዋ የሚያቀርቡት ጥያቄ ካላቸው፣ እኔም ጥያቄ አለኝ፣ ግን ሌላ ነው። የቆየ ፖቴንሺዮስታት፣ ማለትም ቮልቴጁን እየተቆጣጠረ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ፣ ቤተ ሙከራዋ የማይጠቀምበት ካለ ትላክልን። ፈሳሽ ከብረት የሚያጠሩበትን ዘዴ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች በአንድ ሳምንት ታሠልጥንልን። ኮስቲክ ሶዳው ከገበያ አለ፣ ወንፊቱም አለ፣ ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣ ኒኬልም አይጠፋም። በጥቂት ገንዘብ ሊጀመር የሚችል ሳይንስ ካለ አንዱ ይህ ነው።

ለተማሪዬ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ሰውዬው ስለ ጭሱ እውነታቸውን ነው፣ ስለ ተመራማሪዋ ግን ተሳስተዋል። ጸሐፊውም ደሴ ካሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማጥለያዎቹን ደግመን እንነክራለን፤ ልጅቷ አራተኛ አግኝቻለሁ ብላለች።